ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ያለው አማና፦ ዩኒቨርሲቲ ስለገቡ የቲሞቻችን

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



የዚህ ትምህርት መነሻ የሱረቱ-ን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹ የየቲም ንብረት በእጁ የሚገኝ አሳዳጊ ገንዘቡን ለባለቤቱ መቼ ማስረከብ እንዳለበት ይደነግጋል። በመጀመሪያ የቲሙ እንዲፈተን ያዛል። ቀጥሎ ለጋብቻ ዕድሜ መድረሱን ያነሣል። ከዚያም በልጁ ላይ «ሩሽድ»፣ ማለትም የበሰለ ማስተዋል መታየቱን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል። ዕድሜ ብቻውን እንዳልበቃ ልብ ይሏል።

የፊቅህ ሊቃውንት ፈተናው እንዴት እንደሚፈጸም ሳይቀር ጽፈዋል። የነጋዴ ልጅ ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቶት ሲገዛና ሲሸጥ ይታያል፤ የገበሬ ልጅ በእርሻው ሥራ ይፈተናል። ፈተናው ልጁ ነገ ከሚገጥመው ኑሮ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ማስተዋሉ ካልታየ ንብረቱ በአሳዳጊው እጅ እንዲቆይ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሲወስኑ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) 25 ዓመት ከሞላው ይሰጠው ብለዋል። በዚህ ይለያዩ እንጂ፣ አንድ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰባት ዕለት ራሱን ችሎ ይቆማል ብሎ የገመተ ከመካከላቸው የለም።

እኛ ግን በተግባር እንዲሁ ስንገምት እንገኛለን። የወላጅ አልባ ልጆች ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይቋረጣል። ለዚህም መነሻ አለው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ሲሆን፣ ከደረሰ በኋላ ይህ ስም ይነሣለታል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም አካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። ነገር ግን 18 ዓመት ማለት በአገራችን 12ኛ ክፍል የሚጠናቀቅበት ዕድሜ ነው። ስለሆነም የልጁ ፋይል የሚዘጋው የዩኒቨርሲቲ ምደባውን በሚጠባበቅበት ክረምት ይሆናል። አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛንለትን ልጅ፣ ከሁሉ የሚከብደው በር ደጃፍ ላይ አድርሰን እንመለሳለን። ይህንን አጋጣሚ የደግነታችን ትልቁ ክፍተት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ውጤት ካመጡት መካከል የተመረጡት ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) እየወሰዱ፣ እርሱን ሲያልፉ ወደ አንደኛ ዓመት እንዲገቡ ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደግሞ ተመራቂውን ሁሉ በመጨረሻው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የዘረዘርነው ለማስፈራራት አይደለም። በዚህ ወንፊት አልፎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ የየቲም ልጅ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ ቢቀር፣ የቀረበት ምክንያትም የአእምሮ ማነስ ሳይሆን መንገዱን የሚያሳየው ሰው ማጣት ቢሆን፣ ኪሣራው የእርሱ ብቻ አይደለም።

ከቤቱ የመጀመሪያው መሆን

በሀዋሳ ከተማ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ረጅም አይደለም። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1968 ዓ.ም ተከፈተ፤ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። እነዚህ ሁለቱ ከዲላው የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ጋር በ1992 ዓ.ም ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ የቀረው በ1998 ዓ.ም ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። በአገር ደረጃም ቢሆን፣ በ1992 ዓ.ም አካባቢ እነ ጅማ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ እስኪጨመሩ ድረስ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል።

ከዚህ የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዛሬ 19 ዓመት የሆነው ወጣት ወላጆች ለትምህርት ደርሰው በነበረበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ እንደ ተረት የሚሰማ ነገር ነበር። ከአላባ ቁሊቶ፣ ከስልጤ፣ ከአርሲ ወይም ከሲዳማ ገጠር የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ የመጀመሪያው ነው። እናት «ተማርልኝ» ትላለች፤ ለምና ታስተምራለች፣ ሸጣ ታስተምራለች። ልጁ ደውሎ «እማዬ፣ ኮርስ ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል?» ቢላት ግን ከዱዓ በቀር የምትመልሰው የላትም። ዱዓዋ ትልቅ ነገር መሆኑን አንዘነጋም፤ የሬጅስትራር ቀነ ገደብ ግን በሰው ይነገራል።

አባትና እናት የተማሩበት ቤት ልጅ እነዚህን ነገሮች በእራት ገበታ ላይ ሳያውቀው ይማራቸዋል። የየትኛው ትምህርት ፈተና እንደሚከብድ፣ መምህርን ቢሮው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን፣ የጠፋ ውጤት እንዴት እንደሚፈለግ ከታላቅ ወንድሙ ይሰማል። የየቲሙ ልጅ ግን ይህን ሁሉ ከስህተቱ ይማረዋል፤ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንዳንድ ስህተት አንድ ዓመት ያስከፍላል።

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪው አማካሪ መምህር እንዲመደብለት ያደርጋሉ። ይሁንና አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይደርሰዋል፤ ብዙ ተማሪም አማካሪውን የሚፈልገው ምዝገባ ሲሆን ብቻ ነው። ዓይናፋሩ የገጠር ልጅ፣ በእንግሊዝኛ መናገር የሚያፍረው፣ ጨርሶ ላይፈልገው ይችላል። አማካሪ አለህ ተብሎ የተነገረው ልጅና አማካሪውን የሚያውቀው ልጅ የተለያዩ ናቸው።

ኢማሙና የጠፋው ተማሪ

ስለ ምክር ስናነሣ ከታሪካችን የበለጠ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በኩፋ ከተማ ያዕቁብ የተባለ የድሃ ልጅ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ይማር ነበር። ቤቱ የዕለት ጉርስ ስለቸገረው ከትምህርቱ ቀረ። በአንዱ ዘገባ ሥራ ፈልግ ብሎ ያስቀረው አባቱ ነው፤ በሌላው ዘገባ አባቱ ሞቶ ስለነበር እናቱ ለልብስ አጣቢ አስቀጥራዋለች። ኢማሙ ልጁ ከመቀመጫው መታጣቱን አስተዋሉ፤ የት እንዳለም ጠየቁ። ተመልሶ በመጣ ጊዜ ሰዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ጠበቁና 100 ዲርሃም ያለበት ከረጢት ሰጡት፤ ከትምህርቱ እንዳይለይ፣ ገንዘቡ ሲያልቅም እንዲነግራቸው አሳሰቡት። ያዕቁብ በኋላ እንደተናገረው፣ ማለቁን አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም። ሳይነግራቸው እየደረሱበት ይተኩለት ነበር።

ይህ ልጅ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን «ቃዲ አል-ቁዳት»፣ የዳኞች ሁሉ ዳኛ ተብሎ የተሾመው አቡ ዩሱፍ ነው። ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በከረጢቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከከረጢቱ በፊት የሆነውን እናስተውል። ኢማሙ መጀመሪያ የልጁን አለመኖር አወቁ። ቀጥሎ ጠየቁ። ሲሰጡም በሰው ፊት አልሰጡም። ከሰጡ በኋላም ክትትላቸውን አላቆሙም። አንድ የዛሬ አማካሪ ሊያደርገው የሚገባው ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ ገንዘቡም ቢሆን የተሰጠው በዚህ መካከል ነው።

አማካሪው ሊያውቀው የሚገባ

አማካሪ ለመሆን ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በሀዋሳ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ ሙስሊም ወንድም ወይም እኅት ይበቃል፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መምህር፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠራ መሐንዲስ ቢሆን። ደንቡን ግን ማወቅ ይኖርበታል፤ የሚመክርበትም ደንብ የራሱ ዘመን ደንብ ሳይሆን የዛሬው ይሁን። ለምሳሌ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች የሚሰጡበት የፍሬሽማን ዓመት ሆኗል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ በዚያ ይወሰዳሉ። ከዚህ በፊት የተመረቀ አማካሪ ይህንን ሳያውቅ «ዲፓርትመንትህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጀምር ልጁን ግራ ያጋባዋል። ልጁ ዲፓርትመንት ገና የለውም፤ የሚወዳደርበት በዚያው ዓመት በሚያመጣው ውጤት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ትምህርትን የማቋረጥ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የየቲም ቤት ልጆችን ከማንም ይልቅ የሚመታው ይህ ነው። እናት ትታመማለች፤ ልጁ ወይም ልጅቱ ሌሊቱን ሻንጣ ይዘው ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። ሁለት ሳምንት ያሉት ሁለት ወር ይሆናል። ቅጽ ሞልተው፣ ምክንያታቸውን አስመዝግበው፣ በደንቡ መሠረት ትምህርታቸውን አቋርጠው (ዊዝድሮው አድርገው) ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት በመልሶ ቅበላ ሊመለሱ በቻሉ ነበር። ሳያሳውቁ ስለሄዱ ግን ፈተናው ያልፋቸዋል፣ «ኤፍ» ይመዘገብባቸዋል፣ የመመለሻቸውም መንገድ ይጠብባል። ልዩነቱ አንድ ወረቀትና ጥቂት ፊርማ ነው። የእናትን ሕመም ማንም ሊያስቀር አይችልም፤ ወረቀቱን ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ማስታወስ ይቻላል። እንዲሁም በሕመም ፈተና ያለፈው ተማሪ የሐኪም ማስረጃውን በጊዜው ለትምህርት ክፍሉ ማቅረብ፣ «ኢንኮምፕሊት» የተባለ ውጤት ካለውም በተወሰነው ጊዜ ማስተካከል እንዳለበት ይነገረው። ዝም ያሉት ነገር በራሱ አይስተካከልም።

ሁለተኛው የውጤት አቆጣጠር ነው። ብዙ አዲስ ገቢዎች አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቁት ከተጎዱ በኋላ ነው። «ኤ» 4፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2፣ «ዲ» 1 ነጥብ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛል። አንድ ተማሪ በባለ 4 ክሬዲቱ «ሲ»፣ በባለ 3ቱ «ቢ»፣ በባለ 2ቱ «ኤ» ቢያገኝ 8፣ 9 እና 8 ተደምሮ 25 ይሆናል፤ ለ9 ክሬዲት ሲካፈል 2.78 ነው። በባለ 2ቱ አንድ ደረጃ ወርዶ «ቢ» ቢያገኝ 2.56 ላይ ይቆማል። በባለ 4ቱ አንድ ደረጃ ወርዶ «ዲ» ቢያገኝ ግን 2.33 ይደርሳል። ለመመረቅ የሚፈለገው ዝቅተኛ ጥቅል ውጤት 2.00 መሆኑን ስናስብ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ልጁ የሚወደውን ባለ 2 ክሬዲት ሲያነብ አድሮ የሚፈራውን ባለ 4 ክሬዲት ለመጨረሻው ሳምንት ከተወው፣ አማካሪው ይህችን ስሌት ወረቀት ላይ ያሳየው።

የትምህርት ዘርፍ ምርጫ ላይ አማካሪው ከቤተሰብም ጋር መነጋገር ሊኖርበት ይችላል። «ሐኪም ሁንልኝ» የሚለው የእናት ምኞት የተቀደሰ ምኞት ነው፤ ልጁ ግን በውጤቱ የማይደርስበትን በመጀመሪያ ተራ እየሞላ የሚደርስበትን ሊያጣ ይችላል። እናትየዋን በአክብሮት አስረድቶ ልጁን ከዚህ ሸክም ማሳረፍ የምክር ሥራ ነው። በዚህ ረገድ አንዳንድ ለጋሾችም ከእናት ያልተሻልን ነን። የምንረዳው ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንልን እንፈልጋለን፤ ልጁ መምህር ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊሆን ቢፈልግ እጃችን ይቀዘቅዛል። ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ቁርኣን በሱረቱ-ል-በቀራህ ያስጠነቀቀን እንዲህ ያለውንም ይጨምር ይመስለኛል።

ስለ ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ጥቂት እንበል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 በተጀመረው አሠራር ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ወጪ በከፊል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ለመክፈል ውል ይፈርማል። አንዳንድ ቤተሰብ «ዕዳ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ይደነግጣል። አማካሪው ውሉን ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ጥያቄ ካለውም ወደሚመለከተው ቢሮ ይምራው።

ስለ ገንዘቡ

ምግብና መኝታ በዩኒቨርሲቲው ከተሸፈነ ሌላ ምን ያስፈልገዋል የሚሉ አሉ። የዩኒቨርሲቲ የጥሪ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው መልሱን ያገኘዋል፦ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ይህ ሁሉ ከመንገዱ ሒሳብ ጋር በአንድ ሳምንት የሚፈለግ ነው። ከገቡ በኋላ የሃንድ አውት ኮፒ፣ ሳሙና፣ የስልክ ዳታ፣ ለሴቶች ደግሞ የንጽሕና መጠበቂያ አለ። ልጅን ከትምህርት የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ወጪ አይደለም። ኮፒ ቤት መክፈል አቅቶት ጓደኞቹን ማስቸገር ያፈረ ልጅ ቀስ በቀስ ከክፍልም መቅረት ይጀምራል።

ገንዘቡና ምክሩ እንዴት እንደሚጣመሩ የሌላ አገር ልምድ ያስተምረናል። በአሜሪካ ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡና ገቢያቸው ያነሰ ተማሪዎችን በምክር የሚደግፍ የመንግሥት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ «ኤሳፕ» የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህም አንድ አማካሪ ጥቂት ተማሪ ይይዛል፤ ተማሪው አማካሪውን ዘወትር ያገኛል፤ የወሩ የመጓጓዣ ካርዱም ከዚህ ተሳትፎ ጋር የተያያዘ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሲጠኑ፣ በ3 ዓመት ውስጥ የተመረቁት ከመርሐ ግብሩ ተማሪዎች ከመቶ 40፣ ከሌሎቹ ከመቶ 22 ሆነው ተገኙ።

ለእኛ የሚሆነው ቁም ነገር ያ ካርድ ነው። የየቲሙ ወርኃዊ ድጋፍ በባንክ ብቻ ሲላክ ብሩ ይደርሳል፤ ሰው ግን አይደርስም። በሀዋሳ ላሉት ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ አማካሪውና ተማሪው ሻይ ይዘው ተቀምጠው፣ የወሩ ነገር ተነጋግረው፣ ድጋፉም በዚያው ቢሰጥ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ግን ቅጣት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ውጤቱ የወረደ ልጅ ብሩ ይቀርብኛል ብሎ ከፈራ መጀመሪያ የሚሸሸው ከአማካሪው ነው፤ መምጣት ያለበት ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ውጤቱም የእርሱ አማና ነው። በስብሰባ ላይ ስሙና ጂፒኤው የሚነበብበት፣ ፎቶው በመጽሔት የሚወጣበት አሠራር፣ ለለጋሹ ደስታ ቢሰጥም፣ ልጁን ከዶርም ጓደኞቹ ፊት የተመጽዋች ልብስ ያለብሰዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሰዎች እስኪበተኑ የጠበቁት በከንቱ አይደለም።

ፈተናውን የሚያዝዘውን አንቀጽም በዚህ ቦታ እናስታውሰው። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከድጋፉ ጥቂቱ በራሱ እጅ እየተሰጠው፣ በወሩ መጨረሻ ምን እንዳደረገበት እንዲያስረዳ ቢደረግ፣ ሊቃውንቱ ስለ ነጋዴ ልጅ የጻፉት ፈተና ይህ ነው። በ12ኛ ክፍል ማብቂያ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ተቀብሎ አውቶቡስ ከሚሳፈረው ልጅ ይህኛው ይሻላል።

ስለ እኅቶቻችን

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ የተለየ ቃል ያስፈልጋል። አማካሪዋ ሴት ትሁን፤ ይህ የሸሪዓው ሥርዓትም ነው፣ ልጅቱም ችግሯን በነፃነት የምትናገረው ለሴት ነው። አባት በሌለበት ቤት ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቋረጠው የሴት ልጅ ትምህርት ነው። ለጋብቻ የሚጠይቅ ይመጣል፤ ወይም ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚያሻግር ደላላ ደጅ ይቆማል፤ ከእርሷ በታች ያሉ ታናናሾች ደግሞ ይራባሉ። እንዲህ ያለው ውሳኔ በክረምት፣ ልጅቱ ለዕረፍት ቤቷ ባለችበት ጊዜ ይወሰናል። ስለዚህ አማካሪዋ በሐምሌና በነሐሴም መደወል አለባት። እናትየዋን ማነጋገር፣ ሁለት ዓመት ቢቀራት ሁለት ዓመት እንደቀራት መናገር፣ ኒካሕ ከታሰበም ትምህርቷን የማታቋርጥበትን መንገድ በሽማግሌ መነጋገር ይቻላል። ጋብቻን የምንቃወም አይደለንም፤ ልጅቱ ሳትጠየቅ የሚወሰነውን ግን ሸሪዓውም አይወደውም።

ረመዷን በእነዚህ ዓመታት በትምህርት ወራት ውስጥ ይገባል። ስሑር በልቶ፣ ተራዊሕ ሰግዶ፣ በማግሥቱ ፈተና የሚቀመጥ አዲስ ተማሪ ሰዓቱን እንዴት እንደሚከፋፍል ከቀድሞ ተማሪ ቢሰማ ይጠቀማል።

የእኛ ልጅ ሌላ አገር፣ የሌላው ልጅ ከእኛ ዘንድ

ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ፣ ሀዋሳ ላይ ያሳደግነው ልጅ ጅግጅጋ ወይም ጎንደር ሊደርሰው ይችላል፤ ከወሎ ወይም ከባሌ የመጣ የቲም ደግሞ ከእኛ ሰፈር አጠገብ ያድራል። እርሱን ማንም አያውቀውም፤ ከየት እንደመጣም አንጠይቅም፤ በጁሙዓ ከጎናችን ሰግዶ ይሄዳል። በየከተማው ያሉ በጎ አድራጊዎች የልጆቻቸውን ስም በምስጢር እየተለዋወጡ እያንዳንዱ በአካባቢው ያለውን ቢቀበል፣ እኛ ለሌላው ልጅ የምናደርገውን ሌላው ለእኛ ልጅ ያደርግልናል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ቢሆን በአንድ ቦታ አይደለም። ዋናው፣ የቴክኖሎጂው፣ የእርሻውና የሕክምናው ግቢ በከተማው ሲሆኑ፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም አዋዳና በንሳ ዳዬ ከከተማው ውጭ ናቸው። በዳዬ ያለ ተማሪ በወር አንድ ጊዜ ሀዋሳ ድረስ ና ቢባል መጓጓዣው ድጋፉን ይበላዋል፤ ለእርሱ በዚያው የሚገኝ ሰው ይፈለግለት።

ሁሉም አይሳካለትም። ፈተናውን ያላለፈው፣ ወይም ከአንደኛ ዓመት የተመለሰው ልጅ አማካሪ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልገዋል። በሀዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሙያ መማር የወደቀ ሰው ማረፊያ ተደርጎ መታየቱ በጣም ያሳዝናል፤ ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር እያወቅን።

ከለጋሾች የሚነሣ ጥያቄ

«ልጁ የቲም መባሉ ካበቃ ድጋፌ ምን ይባላል? ዘካዬንስ መስጠት እችላለሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የቲምነት ስሙ ቢነሣም ድህነቱ ከእርሱ ጋር አለ። ድሆችና ምስኪኖች በሱረቱ-ት-ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የቲም መሆን ለብቻው ዘካ አያስገባም ነበር፤ ሀብታም የቲምም አለና። ስለዚህ መመዘኛው ድሮም አሁንም ችግሩ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ሁኔታ በተመለከተ የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ለጋሹ «ለየቲም» ብሎ ለይቶ የሰጠው ገንዘብ በሰጪው ቃል የታሰረ ነው፤ ማኅበር በራሱ ፈቃድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊያዞረው አይችልም። በመሆኑም የየቲም ካፊል የሆናችሁ ሁሉ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንድታሳውቁ ይሁን፦ የያዛችሁት ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ድጋፋችሁ በትምህርቱ እንዲቀጥልለት ፈቃዳችሁ መሆን አለመሆኑን፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ ከሆነም በወር አንድ ሰዓት ለአንድ ተማሪ መስጠት መቻል አለመቻላችሁን። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲጀምር ቢጻፍ ይመረጣል፤ የምደባ ጥሪ በወጣ ማግሥት ፈቃድ መጠየቅ ስንጀምር የምዝገባው ቀን ያልፈናልና።

ወላሁ አዕለም።